ቅጥያ

ታርቱ፣ ሾርባ ሰፈር፣ ባቄላ ጎዳና፣
በረዶው ሊቀልጥ ሲል፣ ወንዙ ሲያስብ ገና፣
የኤንደል ምድር ቤት ውኃ ውኃ ሲሸት፣
ጎርፉ ደረጃውን ቆጥሮ ሳይወጣበት፣
ከመዳፍ ያነሰች ሰሌዳ በይጄ
ከትንሿ ኮምፒውተር ሰካኋት በእጄ።

ዝም አለች።

የሌላው ዕቃ ጠባይ እንዲህ አይደለም፤
ካሜራው፣ አታሚው፣ ወሬኛው ፍላሽ
ገና ከደጃፉ «ቤቶች!» ብሎ ይገባል፣
ስሙን፣ የሠሪውን ስም፣ የሚጠጣውን መብራት
ማንም ሳይጠይቀው ይዘረግፈዋል።
የሥርዓቱ አስኳል፣ ከርነል የሚሉት፣
ሰምቶ ወንበር ይስባል።
የእኔዋ ግን በሁለት ቀጭን ሽቦ ጫፍ
ማንም ያላስተዋወቃት እንግዳ፤
ብትጠራ ትመልሳለች፣
ግን ስሟን ማን ያውቃል?

ድሮማ፣ ትላለች ቪርቬ፣
መነጽሯን ከግንባሯ ሳታወርድ፣
እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳ ይፈርስ ነበር፤
አስኳሉ በሰው ዕቃ ስም አበጠ፣ አበጠ፣
ሊፈነዳ ምንም አልቀረው።
አሁን ዛፍ አለ፤ ሥሩ ከላይ፣ ቅርንጫፉ ወደ ታች፣
በየጉጡ አንድ ዕቃ፣ በየዕቃው አንድ አድራሻ።
«ዛፉን አትንኪ» አለችኝ። «ከላዩ የምትደርቢውን ጻፊ።»

ቅጥያ!
እሱንስ አውቀዋለሁ፤ ቋንቋዬ ሌላ ምን ሥራ አለው?
ቤት። ቤታችን። ከቤታችን። ስለቤታችንም።
ከፊቱ ቢለጠፍ፣ ከኋላው ቢቀጠል
ቤት ከመሐል ሆኖ ዝንፍ አይል።

ረቂቄን ስሰጣት ቀይ እስክሪብቶ አነሣች።
«ውኃው ሦስተኛው ደረጃ ሲደርስ
ሽማግሌውን የሚቀሰቅስ» ብዬ ነበር።
ሰረዘችው።
«ይኼ ምኞትሽ ነው። ዛፉ ምኞት አያበቅልም።
ምን አለ? የት አለ? በየትኛው ሽቦ?
ያለውን ጻፊ።
የሚደረገውን ሌላ ሰው ይወስናል፣ ሌላ ቦታ።»

ያለውን ጻፍኩ።
መስመር፦ አንድ።
ተስማሚ ስም፦ የሠሪው፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚያ የቺፑ።
ማንቂያ፦ እግር ዐሥራ ሰባት።
አድራሻ፦ አርባ ስምንት፣ በዐሥራ ስድስት ቤት ቆጠራ
(አንድ ሌሊት ሙሉ አርባ ዘጠኝ ብዬ ጠርቻት
ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ ስለማመጥ አደርኩ)።
ሁኔታ፦
ከሥር ያለው ዛፍ መስመሩን «ዝግ» ይለዋል፤
አልፋቅኩትም። ከላዩ «ደኅና» ብዬ ደረብኩ።
ደኅና።
እንዴት ነሽ ላለኝ ሁሉ እንደምመልሰው፣
ዝርዝር የሌለው።
ይኼኔ ሰሌዳዋ ተናገረች፦ ሁለት ሴንቲ ሜትር።

በመጣሁ ሳምንት ኤንደል ስሜን ጠየቀኝ።
ትርንጎ፣ አልኩት፤ ፍሬ ነው፣
ልጣጩ ወፍራም፣ ውስጡ ጎምዛዛ።
ሳቀ። «አተር ጎዳና፣ ድንች ጎዳና፣ ባቄላ ጎዳና፤
እንግዲያ የሰፈሩ ልጅ ነሽ!»
ከፖስታ ሣጥኑ ላይ፣ ከነሐሱ የቤተሰብ ስም ሥር፣
ጠባብ ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ጻፈ፦
ትርንጎ። ሁለተኛ ፎቅ። በግራ።
ስለ አመጣጤ፣ ስለምፈልገው፣ ስለምፈራው
አንድ ቃል የለም።
ቪርቬ ብታየው ቀይዋን አታነሣም ነበር።

ሚያዝያ ውስጥ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
አርባ አንድ አለች። አርባ አራት።
ጩኸት የለ፣ ቁጥር ብቻ።
ቀስቅሺው ያለኝ ጽሑፍ የለም፣ ተሰርዟል።
በባዶ እግሬ ደረጃውን ወረድኩ።
ኤንደል ቦቲውን አድርጎ፣ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ
ከድንች ጆንያው ጋር ይታገላል።
«ቤቶች!» አልኩ፣ በገዛ አፌ፣ ሳላስበው።
ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀም።
አንዱን ጫፍ ያዝኩ።